የልጄን ክብደት ያህል

ባሌ ሚዛን ያዥ ነበር። ደብረ ብርሃን በሚገኝ የመንግሥት እህል መጋዘን፣ ገበሬው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ሲመጣ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ኪሎ የሚጠራው እሱ ነው። ሥራውን እዚያው መጋዘኑ ትቶት ቢመጣ ደግ ነበር፤ ይዞት ነበር የሚገባው። ዶሮ የገዛሁ እንደሆነ በእግሯ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ኪሎዋን ይናገራል። ጎረቤት ሞቶ አስከሬን ተሸክሞ ሲመለስ፣ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት «ከብደው ነበር» ይላል። እኔን ራሴን በሠርጋችን ዕለት ከበቅሎ አቅፎ ሲያወርደኝ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ነገር ነበር። የፍቅር ቃል መስሎኝ ደንግጬ አፈርኩ። ለካ ኪሎዬን ነው! ደግሞ ትክክል ነበር፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

እንግዲህ የዚህ ሰውዬ ሃይማኖት እንዴት ያለ እንደነበረ ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቃት በአጥሯ ነው። ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣል፣ ያማትባል፣ መንገዱን ይቀጥላል። «ግባና ተሳለም» ስለው «ከውጭም ይሰማል» ይለኛል። እኔ ደግሞ በዓል የማላጎድል፣ ጾም የማልስት፣ ምላሴ ብቻ እንደ ልቡ የሚናገር ሴት ነበርኩ። ስለዚህ ለሁለታችንም የምጸልየው እኔ ነበርኩ፤ ስናደድበት ግን ለራሴ ብቻ እጸልያለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ናት። ድክ ድክ ማለት እንደጀመረች ኩፍኝ ያዛት። ያ ዓመት ለማንም ደግ አልነበረም። ዝናቡ ቀርቶ፣ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ፣ መጋዘኑም ባዶውን ያዛጋ ነበር። ልጄ አልጠባ አለች፣ አልቀምስ አለች፣ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነች ሄደች። ጤና ጣቢያ ይዘናት ብንሄድ «እኛ ያለንን ሰጥተናታል፤ የቀረው የእግዜር ነው» ብለው መለሱን። ቤት ስንገባ ባሌ ከእጄ ተቀብሎ በሁለት መዳፉ ያዛት። ኪሎዋን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልተናገረም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያ ሁሉን የሚመዝን ሰውዬ ልጁን ይዞ ዝም አለ።

ከዚያ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ተንበረከከ። በሥዕሏ ላይ መልአኩ በአንድ እጁ ሰይፍ በሌላው ሚዛን ይዟል። ባሌም እንዲህ አለ፦ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ አንተም ሚዛን ያዥ ነህ፣ እኔም ሚዛን ያዥ ነኝ። ይህችን ልጅ ማርልኝ። የክብደቷን ያህል ድንጋይ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ አንኮበር ከደጅህ በእግሬ እመጣለሁ።»

አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ ድንገት ገባኝ። ያን ቀን ልጅቷ ከአንዲት ቄብ ዶሮ አትበልጥም ነበር! ሰውየው እያለቀሰም ሚዛን አልሳተም።

ልጄ ዳነች። ምሕረቱ አያልቅበትም፣ ዝናቡም ዘነበ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። ባሌ ከሚዛን ያዥነት ወደ መጋዘን ኃላፊነት ከፍ አለ። ካኪ ኮት አሰፋ፣ ሬዲዮ ገዛ፣ ትናንት «አንተ» ይሉት የነበሩት «ጓድ» ይሉት ጀመር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላል ያገሬ ሰው። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። «በል እንጂ፣ አንኮበር» አልኩት። «ጊዜው የመኸር ነው፣ እህል እየገባ ነው» አለ። የሚቀጥለው ኅዳር ደረሰ። «ስብሰባ አለብኝ» አለ። በሦስተኛው «ጊዜውን እያየሽው! ኃላፊ ሰው ድንጋይ አዝሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቢታይ ምን ይባላል?» አለኝ። ሲጨንቀው የሥራ ባልደረባው የነበረው ሚካኤል፣ ሲመቸው እንደ ሩቅ ዘመድ ሆነበት።

በዚህ ሁሉ መሃል ልጅቷ ትበላ ነበር።

እንዴት እንደምትበላ በምን ቃል ልንገራችሁ! ገንፎ ሲሠራ ከምድጃው አትርቅም። የተቀቀለ ድንች በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ሦስተኛውን በጉንጯ ታቆያለች። ከሁሉ በላይ ግን ጭኮ ስትወድ! የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ እንደ ጭቃ ጡብ የጠጠረውን፣ አዋቂ ሰው በሁለት ጉርሻ «በቃኝ» የሚለውን፣ እሷ ጨርሳ ጣቷን ትልሳለች። ጉንጯ ዓይኗን ሸፈነ። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ባሌ ግን ሲያያት ፊቱ ይጠቁር ጀመር። ልጅቷ በጎረሰች ቁጥር ለአንኮበር የተሳለው ድንጋይ ጀርባው ላይ ሲያብጥ ይሰማው ነበር።

«ቅቤውን ቀንሺላት» ይለኛል። «ጭኮ ለሕፃን ይከብዳል።»

«የሚከብደው ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?» አልኩት። «ያኔ ስትድን አንድ ማንኪያ አጥሚት ዋጠች ብለህ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጥክ ሰውዬ፣ ዛሬ ጉርሻዋን ታያለህ? አታፍርም?»

አፍሮ አይደለም፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ከጓሮ አነሣና ወደ ነፍስ አባታችን ይዞኝ ሄደ። አባ ሸምገል ያሉ፣ ጠላ የማይጠሉ፣ ሲስቁ ጥምጥማቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። ባሌ ድንጋዩን ከፊታቸው አኖረና «አባ፣ ያኔ ስሳል የነበራት ክብደት ልክ ይኼ ነው፤ በእጄ ስለያዝኳት አውቀዋለሁ» አላቸው። አባ ድንጋዩን አዩ፣ ቀጥለው ልጅቷን አዩ። ልጅቷ በዚያች ሰዓት የእሳቸውን ዳቦ እየጨረሰች ነበር።

«ልጄ» አሉት፣ «ያኔ የለመንከው ያቺ የመነመነችው እንደመነመነች እንድትቆይልህ ነው?»

«ኧረ በስመአብ! እንድትድንልኝ፣ እንድታድግልኝ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ድንጋዩም እንደ እሷ ይደግ።» ሳቁና ጥምጥማቸውን ደገፍ አደረጉት። «አየህ ልጄ፣ በጭንቅ መሳል ማንም ያውቅበታል። በተድላ ጊዜ መፈጸም ነው የሚከብደው እንጂ ድንጋዩስ ድንጋይ ነው።»

ባሌ ያንን ትንሽ ድንጋይ እዚያው ጥሎት ወጣ።

ግን ኪሎዋን ማወቅ አለበት፤ ሰውየው ያለ ኪሎ እንቅልፍ አይወስደውማ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበሬው ሄዶ ጭር ሲል፣ ልጅቷን ወደ መጋዘን ወሰዳትና ከእህሉ ሚዛን ላይ አወጣት። ይህን ጊዜ ካድሬው ከተፍ አለ። ካድሬው ወጣት፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ፣ ከንግግሩ ውስጥ «ሰፊው ሕዝብ» የምትለው ቃል የማትጠፋ ሰው ነበር።

«ጓድ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ባሌ ስለት ነው ቢል ጉድ ሊፈላ ነው። «የ... የሕፃናት ጤንነት ክትትል ነው፣ ጓድ!» አለ።

የካድሬው ፊት በራ። ያልሳቀው ሰውዬ ሳቀ! በሳምንቱ የቀበሌው ሕፃን ሁሉ መጋዘን መጥቶ እንዲመዘን ተለፈፈ። እናቶች ልጅ አዝለው ተሰለፉ። የአንዷ ልጅ ሲመዘን ሌላዋ አንገቷን ታሰግጋለች፤ እያንዳንዷ የራሷ ልጅ እንዲበልጥ ትፈልጋለች። አንዷ የልጇን ኪስ የተቀቀለ ባቄላ ሞልታበት ተገኘች። ሌላዋ «ሚዛኑ ነው የተበላሸው እንጂ የኔ ልጅ እንዲህ አይቀልም!» ብላ ባሌን ሰድባው ሄደች። እሱ ኪሎ ሲጠራ ውሎ ድምፁ ተዘጋ። በመጨረሻ ከሁሉ የከበደችው የእኛዋ ሆነችና ካድሬው አስጨበጨበላት። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ። ያላጨበጨበ አባቷ ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ስስቅ ሰነበትኩ። ሳቄን የወሰደው ጥቅምት ነው። ውርጩ ሲጀምር ልጄን ሳል ያዛት፣ ትኩሳቱም ተከተለ። የአገር ልጅ ሁሉ በውርጭ ይስላል፣ አውቃለሁ። ግን ግንባሯን ስዳስስ ያ ክፉ ዓመት ተመልሶ ቤቴ የገባ መሰለኝ። የሰጠ ይወስዳል። ሚካኤል ደጋግመን ያታለልነውን ቆጥሮ የሰጠንን ሊወስድ ነው ብዬ ፈራሁ። ሞኝነት ነው በሉኝ፤ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝ። ሳሉ ሰነባብቶ ለቀቃት፤ ፍርሃቱ ግን እኔን አልለቀቀኝም።

ባሌን አስቀምጬ እንዲህ አልኩት፦ «ለዚህ ኅዳር ሚካኤል ወይ አንተ ትሸከማለህ፣ ወይ እኔ እሸከማለሁ። እኔ ከተሸከምኩ ግን ድንጋዩ የማን እንደሆነ ላገኘሁት ሁሉ እየተናገርኩ ነው የምሄደው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አንገቱን ደፋ። «እኔም ስትስል እየሰማሁ ነበር» አለ። «የተኛሁ መስሎሽ ነው።»

አንጀቴን በላው። ግን አላሳየሁትም፤ ካሳየሁት ቀጠሮ ይጠይቀኛል።

ለካድሬው እውነቱን ነግሮ ፈቃድ ጠየቀ። ቀብር አለብኝ በል ያሉት ነበሩ፤ «ወደ ሚካኤል እየሄድኩ አልዋሽም፤ እሱ ሚዛኑን ይዞ ነው የሚጠብቀኝ» አለ። ካድሬው ስለ ኋላ ቀር ልማድ ረጅም ንግግር አደረገለት። ባሌ ቆሞ አዳመጠ። ንግግሩ ሲያልቅ ካድሬው «በል፣ ሰኞ ጠዋት እንዳትቀር» አለው።

በመነሻችን ዋዜማ ግቢያችን ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አግዳሚ እንጨት በገመድ አንጠለጠለ። በአንዱ ጫፍ ቅርጫት አስሮ ልጅቷን አስቀመጠ፤ በሌላው ድንጋይ። አንዱ ድንጋይ ይቀላል፣ ሌላው ይከብዳል፤ ባሌ በላብ ተጠመቀ። ልጅቷ ዳቦ ይዛ ነበር።

«ዳቦውን አስቀምጪው» አላት፤ «የዳቦ ስለት የለብኝም።»

ልጅቷ ዳቦውን አየች፣ አባቷን አየች፣ ቶሎ ቶሎ ጎርሳ ጨረሰችው። ቅርጫቱ ንቅንቅ አላለም። ባሌ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆየና «የተበላ ዳቦም ያው ዳቦ ነው» ብሎ ሌላ ድንጋይ ሊፈልግ ሄደ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣን። ከጎረቤት በተዋስነው አህያ ላይ ስንቁንና ልጅቷን ጫንን። ድንጋዩን በቁራጭ ጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን፣ በባሌ ጀርባ ላይ አሰርኩለት። ደልዳላዋ ልጅ አህያ ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች፣ ጎልማሳው አባት ድንጋይ አዝሎ ከኋላ ያቃስታል። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ቆሞ ያየናል። «ምን አጥፍቶ ነው?» ይሉኛል። «ተመችቶት ነው» እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ሜዳ ሜዳውን ሄድን። ሲመሽ «የእግዜር እንግዳ» ብለን ያደርንበት ቤት፣ ባለቤቷ የባሌን ጀርባ በቅባት ብታሽለት እንደ ሕፃን ተነጫነጨ። በሁለተኛው ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ ነው፣ አንኮበር ሥር ካለችው ጎረቤላ ሳንደርስ ከኋላችን አንድ ነጋዴ ደረሰብን። የዓልዩ አምባ ሙስሊም ነው፤ በርበሬውን ደብረ ብርሃን ሸጦ፣ አህዮቹን እየነዳ ወደ ቤቱ ይወርዳል። ባሌን ሲያይ «አዑዙ ቢላህ! ወንድሜ፣ ያዘልከው ምንድን ነው?» አለ።

ነገሩን ነገርኩት። «ነዝር ነው በይኛ!» አለ፤ በእነሱ ስለት ነዝር ይባላል። «ነዝርስ አይቀለድበትም። አላህ ይቀበልህ ወንድሜ።» ባሌ ደስ ብሎት ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ ክፉ ያልተናገረው ሰው ይኼ ብቻ ነበር።

ይህን ጊዜ የእኛ አህያ ፍቅር ያዘው።

ከነጋዴው አህዮች መካከል አንዲት እንስት ነበረች። የእኛው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ አናፋ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ከዚያ ስንቅ አይል ልጅ አይል፣ ተፈተለከ። እንስቷ ትራገጣለች፣ እሱ ይከተላል፣ ነጋዴው «ያ ረቢ!» እያለ ይሮጣል፣ እኔ «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ እሮጣለሁ። ባሌም ድንጋዩን አዝሎ ይሮጣል! ልጅቷ ሣር ላይ ዱብ አለች። ደርሼ ሳነሣት አንዳችም አልሆነችም፤ ያስለቀሳት የስንቁ መፍሰስ ነው። ነጋዴው አህያውን ይዞ መጣና ስንቁን ለቅመን ልናወጣት ብንል በእግሯም በእጇም ታገለችን።

«አህያው ላይ አልወጣም!»

«ነይ እኔ ላዝልሽ» አልኳት።

«አንቺ አይደለሽም! አባዬ ነው የሚያዝለኝ!»

ባሌ እያለከለከ ጎንበስ አለላት። «ልጄ፣ የኔ ጀርባ ተይዟል እኮ።»

«በማን?»

«በአንቺ!»

ልጅቷ ልቅሶዋን አቆመች። ዞር ብላ በጋቢ የተጠቀለለውን አየችው። ከዚያ እግሯን መሬት ላይ መታችና «እኔ እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸችበት።

ነጋዴው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አህያው አንገት ላይ ተደገፈ። ባሌ አልሳቀም። እኔን አየኝ፤ በዚህ ነገር ዳኛዋ እኔ ነበርኩና።

«ስለቱ ድንጋይ ነው የሚለው» አለ በቀስታ።

እውነት ነው። ስጨቀጭቀው የኖርኩት እኔ፣ አንዲት ፍሬ ኪሎ እንዳይቀንስ ዘብ የቆምኩት እኔ፣ «አይሆንም» ልል አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ግን እጆቿን ወደ እሱ ዘርግታ ቆማለች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ጤነኛ ናት። ሚካኤል የመለሰልን ይችን ነው። እሷን ይዘንለት እየሄድን ድንጋይ ምን ያደርግለታል?

«ስለቱ የልጅቷ ክብደት ነው» አልኩት። «ተሸከማት!»

ድንጋዩን ፈትተን አህያው ላይ ጫንነው፤ ፍቅሩ በረደለት። ጎረቤላ ስንደርስ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አራገፍነው፤ ባለቤቷም ለመቀመጫ ይሆነኛል ብላ ደስ አላት። ከነጋዴው ጋር ተመራርቀን ተለያየን። እኛ ሽቅብ ወደ ሚካኤል፣ እሱ ቁልቁል ወደ ቆላው።

ዳገቱ ላይ ልጅቷ አባቷ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። የተኛ ልጅ ደግሞ አምላክ ያሳያችሁ! «በእንቅልፍ ኪሎ አይጨምርም» ይላል እያቃሰተ፤ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም፤ ግን ጨምራለች።» ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል። «ከበደችኝ» ይላል። ጥቂት ይሄዳል። «ከበደችኝ እኮ!» ይላል። እኔም «ድንጋዩን ይሻልህ ነበር?» እያልኩ እጎነትለዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሲታዩን ጨርሶ ቆመ። ደከመው ብዬ ጠጋ አልኩት።

«ያን ቀን ስንት ኪሎ እንደሆነች አልነገርኩሽም» አለኝ።

«አልነገርከኝም።»

«ምንም አልነበረችም። እጄ ላይ ምንም አልነበረም።» እንባው በአፍንጫው ላይ ወረደ፤ እጆቹ ከኋላ ልጅቷን ይዘዋልና ሊጠርገው አልቻለም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። «ከበደችኝ» አለ እንደገና። አሁን ግን አላማረረም፤ ምስጋና ነበር። ከዚያ ሌላ ጸሎት ያን ቀን ከአፉ አልሰማሁም፤ እኔም ሌላ አልጠበቅኩበትም።

በአጥሩ አላለፈም፤ ገባ። ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርስ ተንበርክኮ ልጅቷን ቀስ አድርጎ አወረዳት፣ መሬቱን ሳመ፣ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እኔም ከጎኑ ተንበረከክኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ፍርሃት የለም፤ ፈልጌም አጣሁት። ልጅቷ ነቃችና ዓይኗን እያሸች «እራበኝ» አለች።

ከስንቁ ጭኮውን አወጣሁ። «ቅቤ ቀንሺ» ሲለኝ የኖረው ሰው አጠገቤ ስለነበር፣ ዛሬስ አይቆጣ ብዬ ትንሽ ቆንጥሬ ያዝኩላት።

ባሌ ከመሬቱ ቀና አለ። እጄን አየ፣ ልጅቷን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ ተቆጥቶ። «ጨምሪላት እንጂ!»